የደም አሲድነት፤ ሰውነት እንዴት እንደሚጠብቀውና ምን እንደሚያናጋው

ከጤነኛ ሰው ደም ቅዳ የተወሰደ ደም ቢመረመር፣ አሲድነቱ ፒ ኤች በሚባለው መለኪያ ከ7.35 እስከ 7.45 ድረስ ሆኖ ይገኛል። ሰውየው ሥጋ በልቶ ቢውል ወይም ቢጾም፣ ዳገት ቢወጣ ወይም ተኝቶ ቢያድር፣ ይህ ቁጥር ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም። ከ6.8 በታች ወርዶ ወይም ከ7.8 በላይ ወጥቶ የቆየ ሰው ግን በሕይወት የሚተርፈው ከስንት አንዴ ነው። አካላችን ሌሊትና ቀን አሲድ ሲያመነጭ እየኖረ ደማችን በዚህ ጠባብ ወሰን ውስጥ የሚቆይበትን ምክንያት፣ ወሰኑም በምን በምን እንደሚጣስ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጥ እንሞክራለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ መለኪያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አሲድ ማለት በውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሃይድሮጅን አዮን የሚለቅ ነገር ሲሆን፣ ይህንኑ አዮን የሚቀበለው ደግሞ አልካሊ ይባላል። ፒ ኤች የተባለውን መለኪያ በ1909 ያወጣው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን ነው፤ ይሠራበት የነበረውም ቦታ የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ በኮፐንሃገን ያቋቋመው ላቦራቶሪ ነበር። መለኪያው በሎጋሪዝም የሚቆጠርና ወደ ታች የሚሄድ ስለ ሆነ ጀማሪውን ተማሪ ያደናግረዋል። ፒ ኤች ሲወርድ አሲዱ ይበዛል፤ ሲወጣ አሲዱ ያንሳል። በ7.4 ላይ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አዮን 40 ናኖሞል ያህል ነው። ፒ ኤቹ ወደ 7.1 ቢወርድ ልዩነቱ 0.3 ብቻ ስለ ሆነ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አዮኑ ከ40 ወደ 80 ገደማ ከፍ ብሏል፤ ማለት እጥፍ ሆኗል።

40 ናኖሞል ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ለማስተዋል በዚያው ደም ውስጥ ካለው የሶዲየም አዮን ጋራ ማመዛዘን ይበቃል። ሶዲየሙ ከሃይድሮጅኑ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ጊዜ ይበልጣል። ታዲያ ይህን ያህል ያነሰ ነገር ስለ ምን ሕይወትን ያናጋል? ምክንያቱ የሃይድሮጅን አዮን ከፕሮቲኖች ጋራ ያለው ዝምድና ነው። ፕሮቲን ቅርጹን ይዞ የሚቆመው በላዩ ባሉት የኤሌክትሪክ ኃይሎች ሚዛን ሲሆን፣ የሃይድሮጅን አዮን በተጣበቀበት ወይም በተላቀቀበት ጊዜ ይህ ሚዛን ይለወጣል። ቅርጹ የተለወጠ ኤንዛይም ሥራውን ያቀዘቅዛል፤ የልብ ጡንቻ የመኮማተር ኃይሉ ይደክማል፤ ፖታሲየምም በሕዋሳት ውስጥና ውጪ ያለው አከፋፈል ይዛባል። ከጥፋት ሌላ ጥቅም እንዳለውም መዘንጋት አይገባም። ክርስቲያን ቦር በ1904 ከባልደረቦቹ ጋራ እንዳስረዳው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት ቦታ ሄሞግሎቢን ኦክሲጅኑን ቶሎ ይለቃል። በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ አሲድ ሲያመነጭ፣ በዚያው አሲድ ኦክሲጅን አምጡልኝ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

አሲዱ የሚመነጭበት መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያውና እጅግ የበዛው ከምግብ ቃጠሎ የሚገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ ሰው ያለ ብርቱ ሥራ በቀን 15,000 ሚሊሞል ያህል ያመነጫል፤ ይህ በጋዝነቱ ቢለካ ከ300 ሊትር በላይ ይሆናል። ሁለተኛው በሥጋ፣ በእንቁላልና በመሳሰለው ፕሮቲን ውስጥ ካለው ድኝ የሚወጣው ሰልፈሪክ አሲድና ጥቂት ሌሎች ናቸው፤ እነዚህም በቀን በሰውነት ክብደት ኪሎ አንድ ሚሊሞል ያህል ስለሚሆኑ፣ ሰባ ኪሎ ለሚመዝን ሰው 70 ይደርሳሉ። ከ15,000 ጋራ ሲተያይ ኢምንት ይመስላል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ጋዝ ስለ ሆነ በትንፋሽ ይወጣል፤ ሁለተኛው ግን ጋዝ ለመሆን ስለማይችል በሽንት ካልሆነ በቀር መውጫ የለውም። ከዚህ የተነሣ ሳንባና ኩላሊት ሥራውን ተከፋፍለውታል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዴት አሲድ እንደሚሆን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ከማንኛውም ላቦራቶሪ ይልቅ በቀላሉ ያሳያል። ጠርሙሱ ሲከፈት ይፈላል፤ ምላስንም ቆንጠጥ ያደርጋል። ጋዙ ከውሃ ጋራ ተዋሕዶ ካርቦኒክ አሲድ ሆኖ ነበርና። ክፍቱን ያደረ አምቦ ግን ቁንጠጣው ይጠፋል፤ አሲዱን ማንም አላወጣለትም፤ ወደ ጋዝና ወደ ውሃ ተመልሶ ጋዙ በንኖ ሄደ እንጂ። ሳንባችን ዘወትር የተከፈተ ጠርሙስ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ልዩነቱ ጠርሙሱ ቀስ ብሎ የሚፈጽመውን ሥራ ደም ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ መፈጸም የሚኖርበት መሆኑ ነው፤ ይህንንም የሚያፋጥነው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለ ኤንዛይም ነው። ኤንዛይሙ የታወቀው በ1930ዎቹ መጀመሪያ በካምብሪጅ ነው።

በደም ውስጥ ከካርቦኒክ አሲድ አጠገብ ሁልጊዜ ባይካርቦኔት አለ። ባይካርቦኔት የሃይድሮጅን አዮንን ተቀባይ ነው። አሲድ ሲመጣ የሚይዝ፣ አልካሊ ሲመጣ የሚለቅ እንዲህ ያለ ጥንድ በፈር ይባላል። ሄንደርሰን የተባለው አሜሪካዊ በ1908 ያሰናዳውንና ሐሰልባልክ የተባለው ዴንማርካዊ በኋላ በሎጋሪዝም የጻፈውን ሒሳብ የሕክምና ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፒ ኤች የሚገኘው በ6.1 ላይ የባይካርቦኔቱንና የሟሟውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ንጽጽር ሎጋሪዝም በመጨመር ነው። በባሕር ጠለል ላይ በሚኖር ጤነኛ ሰው ባይካርቦኔቱ በሊትር 24 ሚሊሞል፣ የሟሟው ጋዝ 1.2 ሚሊሞል ነው። ንጽጽሩ ሃያ ለአንድ ስለ ሆነ ፒ ኤቹ 7.4 ይሆናል።

ይህን ሒሳብ ብዙዎቻችን ሸምድደን እናልፈዋለን፤ ነገር ግን በእጅ ሲሠሩት የሚያሳየው ነገር አለ። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ 10 ሚሊሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብንጨምር ፒ ኤቹ ወደ 2.0 ይወርዳል። ያንኑ ያህል አሲድ በአንድ ሊትር የደም ፈሳሽ ላይ፣ ጋዝ በማያስወጣ ዕቃ ውስጥ ዘግተን ብንጨምር፣ ባይካርቦኔቱ ከ24 ወደ 14 ይወርዳል፤ የተፈጠረው ጋዝም እዚያው ስለሚቀር 1.2 የነበረው 11.2 ይሆናል። ሒሳቡ 6.2 ያህል ይሰጣል። ከውሃው በእጅጉ ይሻላል፤ ነገር ግን በ6.2 የሚኖር ሰው የለም። አሁን ዕቃውን እንክፈተውና ትርፉ ጋዝ ይውጣ፤ የሟሟው ጋዝ 1.2 ላይ ከቆየ ፒ ኤቹ 7.17 ይሆናል። ሰውየው ትንፋሹን አፋጥኖ ጋዙን ወደ 0.9 ቢያወርደው ደግሞ 7.29 ይደርሳል። ሄሞግሎቢንና ሌሎች ፕሮቲኖች የሚያደርጉትን እርዳታ ለጊዜው ትተነዋል፤ ቢጨመር ውጤቱ ከዚህም ይሻላል። እንግዲህ የባይካርቦኔት ትልቁ ኃይል ከባይካርቦኔቱ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ጥንዱ ወደ ውጭ የተከፈተ በር ያለው መሆኑ ነው። በሩም ሳንባ ነው።

በሩን ማን ይከፍታል ማን ያጠብባል ቢባል፣ ከኅብለ ሠረሰር በላይ በአንጎል ሥር ያለው የትንፋሽ ማዘዣ ነው። በዚያ አካባቢ ያሉ ሕዋሳት በዙሪያቸው ያለው ፈሳሽ አሲድነት ጥቂት ሲጨምር ወዲያው ትንፋሽን ያበዛሉ። በአንገት ደም ቅዳዎች መከፈያ ላይ የሚገኙት ጥቃቅን እጢዎችም የኦክሲጅንን ማነስና የአሲድን መብዛት ይናገራሉ፤ ቤልጂጋዊው ሄይማንስ የ1938 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ይህን በመመርመሩ ነበር። ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

የኩላሊት ሥራ ግን የቀናት ነው፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ተገቢው ክብር አይሰጠውም። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል። በእያንዳንዱ ሊትር 24 ሚሊሞል ባይካርቦኔት ስላለበት፣ ወደ ኩላሊት ቱቦ የሚገባው ከ4,300 ሚሊሞል ያላነሰ ነው። ይህ ሁሉ በሽንት ቢፈስ ሰውየው በአንድ ቀን ውስጥ ይሞት ነበር። ስለዚህ ኩላሊት አስቀድሞ ይህን እየለቀመ ወደ ደም ይመልሳል፤ አብዛኛውንም የሚመልሰው በቱቦው መጀመሪያ ክፍል ነው። ከዚህ በኋላ እነዚያን 70 ሚሊሞል የማይተነፍሱ አሲዶች የማስወጣት ተግባር ይቀራል። የሽንት ፒ ኤች ቢወርድ ቢወርድ ከ4.5 አያልፍም። አዮኑ ብቻውን ሆኖ በዚህ ፒ ኤች የሚወጣ ቢሆን፣ 70 ሚሊሞል ለማስወጣት ከ2,000 ሊትር በላይ ሽንት በቀን ያስፈልግ ነበር! መፍትሔው አዮኑን በሌላ ነገር ላይ አስቀምጦ መላክ ነው። አንዱ ጫኝ ፎስፌት ነው፤ እርሱ ግን ከምግብ በመጣው መጠን የተወሰነ ነው። ሌላው አሞኒያ ሲሆን፣ ይህን ኩላሊት ራሱ ግሉታሚን ከተባለው አሚኖ አሲድ ይሠራዋል። አሲድ ለቀናት በበዛ ጊዜ የሚሠራው አሞኒያ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ በዚህም ሥራ ላይ ላሳለፈው ለእያንዳንዱ አዮን አንድ አዲስ ባይካርቦኔት ለደም ይመልሳል። ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማን ደማቸው ወደ አሲድ የሚያዘነብለው ይህ የአሞኒያ ሥራ ስለሚያንስ ነው።

ወደ መናጋቱ እንለፍ። ሒሳቡ ሁለት አካል ብቻ ስላለው መናጋቱም በሁለት ወገን ይመጣል፤ ወይ ጋዙ ይለወጣል፣ ወይ ባይካርቦኔቱ። አንዱ ሲለወጥ ሌላው ንጽጽሩን ለማስተካከል በዚያው አቅጣጫ ይከተለዋል። ሐኪምን የሚያሳስተውም ይኸው መከተሉ ነው። ለዚህ በ1952 በኮፐንሃገን ከደረሰው የበለጠ ምሳሌ አላገኘንም።

በዚያ ዓመት በጋ የልጅነት ልምሻ ወይም ፖሊዮ በከተማይቱ በረታ። ብሌግደም በሚባለው ሆስፒታል ለመተንፈስ ያልቻሉ ሕሙማን ይጎርፉ ጀመር፤ ሆስፒታሉ የነበረው ግን መላ አካልን የሚያስገባ አንድ የመተንፈሻ መኪናና በደረት ላይ የሚታሰሩ ስድስት ብቻ ነበሩ። በመኪና ከተረዱት ከመጀመሪያዎቹ 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። የላቦራቶሪው ምርመራ በደማቸው ያለው ጠቅላላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍ ማለቱን ያሳይ ነበር። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ባይካርቦኔት ስለ ሆነ፣ ሐኪሞቹ ምክንያቱ ያልታወቀ የአልካሊ መብዛት ነው ብለው አሰቡ። የሕሙማኑ ከንፈር ቀይ ነበር፤ ኦክሲጅን ይሰጣቸው ነበርና፤ ስለዚህ የትንፋሽ ማነስ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

የሆስፒታሉ አለቃ ላሰን ኢብሰን የተባለውን የማደንዘዣ ሐኪም አማከረ። ኢብሰን የቀዶ ሕክምና ክፍል ሰው ስለ ነበረ ትንፋሹ የደከመ ሕመምተኛ ምን እንደሚመስል በእጁ ያውቅ ነበር። ነገሩን በግልባጩ ተመለከተው፤ ጋዙ ስለ ታፈነ ደሙ አሲድ ሆኗል፤ ባይካርቦኔቱም የጨመረው ከዚህ የተነሣ ነው አለ። አንድ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ ትርጉም ነበረው፤ የሚለያቸው ፒ ኤች ብቻ ነበር። በነሐሴ 27 ቀን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮዋ ተበስቶ ቱቦ ገባላትና በጎማ ከረጢት አየር በእጅ ይነፋላት ጀመር። ጋዙ ወረደ፤ ልጅቱም ዳነች። የላቦራቶሪው ኃላፊ አስትሩፕም ፒ ኤቹን ለክቶ የኢብሰንን ሐሳብ አረጋገጠ።

ከዚያ የተከተለው ነገር ተማሪዎች የሆንነውን በተለይ የሚመለከተን ነው። ለሁሉም የሚበቃ መኪና ስላልነበረ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ። 1,500 ያህል ተማሪዎች በየተራቸው በአልጋው ራስጌ እየተቀመጡ ከረጢቱን በእጃቸው ይጨምቁ ነበር፤ በአንድ ጊዜ እስከ 70 ሕሙማን በዚህ ዓይነት የተነፈሱበት ቀን ነበር። ወረርሽኙ ሳያበቃ የሟቾቹ ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው ከዚህ ተወለደ፤ ደምን ለፒ ኤችና ለጋዝ በቶሎ የሚመረምረው መሣሪያም የአስትሩፕ ሥራ ከወለዳቸው አንዱ ነው።

በባይካርቦኔቱ ወገን ያለው መናጋት በእኛ አገር ዘወትር የሚታየው በሕፃናት ተቅማጥ ነው። የአንጀት ፈሳሽ ባይካርቦኔት የበዛበት ስለ ሆነ፣ ተቅማጡ ውሃንና ጨውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይዞ ይሄዳል። ኦሾነሲ የተባለው ሐኪም በ1831 እና በ1832 መካከል በእንግሊዝ አገር የኮሌራ ሕሙማንን ደም መርምሮ ውሃው፣ ጨውና አልካሊው መጉደሉን አስታወቀ፤ ላታ የተባለው ስኮትላንዳዊም በ1832 የጨው ውሃ በደም ሥር መስጠት ጀመረ። ይህን ያህል የቆየ እውቀት ነው። አሁን ሕይወት አድን የሚባለው ኦ አር ኤስ ከጨው፣ ከግሉኮስና ከፖታሲየም ሌላ ሲትሬት ያለበት ስለዚሁ ነው። ቀድሞ ይጨመርበት የነበረው ባይካርቦኔት ራሱ ነበር፤ ነገር ግን ዱቄቱ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚበላሽ ከ1984 ጀምሮ በሲትሬት እንዲተካ ተመከረ። ሲትሬቱ በጉበት ሲቃጠል ባይካርቦኔት ይሆናል። በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በተቅማጥ የደከመ ሕፃን በኃይል ሲተነፍስ የሚያየው ሰው የሳንባ ምች ነው ሊል ይችላል፤ ደረቱ ሲደመጥ ንጹሕ፣ ሳልም የሌለው ከሆነ ግን ትንፋሹ አሲዱን በማስወጣት ላይ ያለ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ የሚያስፈልገው ፈሳሽ ነው።

ትውከት ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ የጨጓራ አሲድ ስለሚፈስ ደሙ ወደ አልካሊ ያዘነብላል። የሚያስገርመው ኩላሊት ትርፉን ባይካርቦኔት አውጥቶ በመጣል ነገሩን ሊያስተካክል ሲችል አለማድረጉ ነው። ሰውነት ውሃና ጨው ስለ ጎደለው ኩላሊት ሶዲየሙን አጥብቆ ይይዛል፤ ባይካርቦኔቱም አብሮ ይያዛል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሲኖርበት ደም እንዳይጎድል መጠበቁን ያስቀድማል። መድኃኒቱም አሲድ መስጠት ሳይሆን የጨው ውሃና ፖታሲየም ነው።

በስኳር በሽታ ኢንሱሊን በጠፋ ጊዜ ጉበት ስብን ወደ ኬቶ አሲዶች ይለውጣል፤ ጀርመናዊው ኩስማውል በ1874 የገለጠው ጥልቅና ማቋረጥ የሌለው ትንፋሽ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኢንሱሊን በ1922 በቶሮንቶ ለሕመምተኛ እስኪሰጥ ድረስ ይህ ትንፋሽ የሞት ምልክት ነበር። ድንጋጤ፣ ደም መፍሰስና የደም መመረዝ ላክቲክ አሲድን ያበዛሉ። ከተከለከለ አረቄ ጋራ የሚቀላቀለው ሜታኖልም በጉበት ፎርሚክ አሲድ ሆኖ ዓይንን ያሳውራል። በኃይል የሮጠ የ400 ሜትር ሯጭ ደሙ ለጥቂት ደቂቃ ወደ 7.1 አካባቢ ሊወርድ ይችላል፤ ያ ግን አይጎዳውም፤ ጉበቱና ልቡ ላክቲኩን መልሰው ይጠቀሙበታልና። ሎሚ ያበዛ ሰው ደሙ ይኮመጥጣል ሲባልም ይሰማል። የሎሚ አሲድ በአካል ውስጥ ተቃጥሎ በትንፋሽ ይወጣል፤ ከፖታሲየም ጋራ ያለው ሲትሬት ግን እንደ ኦ አር ኤሱ ባይካርቦኔት ይሆናል፤ ኩላሊትም ትርፉን በሽንት ይጥለዋል። ደምን አልካሊ ያደርጋል ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ውሃም ዕጣው ይኸው ነው፤ ገዢው የሚለውጠው የሽንቱን ፒ ኤች ነው።

በመጨረሻ ከፍ ብሎ የተነሣው 24 እና 40 የተባለው ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር መሆኑን ማመልከት ያስፈልጋል። 40 የተባለው በደም ቅዳ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ሲሆን ከ1.2 ሚሊሞል ጋራ አንድ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል 760 ሲሆን በእኛ ዘንድ 580 ያህል ነው፤ ስለዚህ የምንስበው ኦክሲጅን ግፊቱ ከዚያው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰውየው ጋዙን 40 ላይ አቆይቶ ቢተነፍስ በሳንባው ከረጢቶች የሚቀረው የኦክሲጅን ግፊት 62 ይሆናል፤ ትንፋሹን አበርክቶ ጋዙን ወደ 33 ቢያወርድ ግን 71 ይደርሳል። ይህን ትርፍ ሲያገኝ በሌላው በኩል ደሙ ወደ 7.48 ይወጣል። ኩላሊት በቀናት ውስጥ ባይካርቦኔቱን ወደ 20 ወይም 21 አውርዶ ፒ ኤቹን ወደ 7.42 ይመልሰዋል። በሜክሲኮ ከተማና በቦጎታ የሚኖሩ ጤነኞች ሲለኩ የጋዛቸው ግፊት በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የተገኘው ስለዚህ ነው።

ይህ ለሐኪሙ ከንቱ ጥያቄ አይደለም። በከፍታ አገር የሚኖር የአስም ሕመምተኛ ጋዙ 40 ሆኖ ቢገኝ፣ መጽሐፉን የተከተለ ሐኪም ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ለዚያ ሕመምተኛ ግን 40 ማለት መድከም የጀመረ ትንፋሽ ሊሆን ይችላል። በሌላ ወገን ደግሞ የቦጎታን ሰንጠረዥ ወስዶ ለስሜን ገበሬ መስጠትም አይገባም። በ2002 በታተመ ጥናት በስሜን በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ሲመረመሩ፣ በዚያ ከፍታ ከሚኖሩ ከአንዲስና ከቲቤት ሰዎች በተለየ፣ የሄሞግሎቢናቸው መጠንና የደማቸው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ከሚኖሩት ጋራ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ከፍታ ቁጥር በዚያው ከፍታ ከሚኖሩ ጤነኞች ደም መወሰድ አለበት። ለዚህም የሚያስፈልገው ከደም ቅዳ የተቀዳ ጥቂት ደም ነው፤ በመርፌው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ጋዙ ወደ አረፋው ስለሚያልፍ ቁጥሩ ይዛባል፤ ከተቀዳም በኋላ የደም ሕዋሳቱ ላክቲክ አሲድ መሥራታቸውን ስለማያቆሙ፣ ምርመራው የሚዘገይ ከሆነ ናሙናው በበረዶ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ላቦራቶሪ መወሰድ ይኖርበታል።